ሥዕሉ እዚህ፣ ማብራሪያው እዚያ፦ በስልጠና ጽሑፎች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚዘጋጁ የስልጠና ጽሑፎችን አርማለሁ። ጀማሪ አዘጋጆች ትጋት አይጎድላቸውም፤ ወረቀቱ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አያዩም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሥዕሉን ከማብራሪያው መለየት ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) አዘገጃጀትን እንውሰድ። ፓኬቱ፣ ጆጉ፣ ማንኪያውና ሌላው ሁሉ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይለጠፍበታል፤ የቁጥሮቹ ፍቺ ከገጹ ጀርባ ይቀመጣል። አንዲት ሰልጣኝ ጣቷን 4 ቁጥር ላይ አድርጋ ገጹን ስትገልጥ፣ ስትመለስ፣ ቁጥሩ ሲጠፋባት፣ እንደገና ስትገልጥ አይቻለሁ። አሰልጣኙ «አልገባትም» አለ። እንዴት ይግባት? አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው፤ እሱንም ፍለጋው ከጨረሰው ለመረዳት ምን ይተርፋል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ማየር ተዛማጅ ቃልና ሥዕል ተጠጋግተው ሲቀርቡ ሰው የተሻለ እንደሚረዳ በብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል። «1 ሊትር ንጹሕ ውኃ» የሚለውን ጆጉ ላይ ጻፉት። «ፓኬቱን ሙሉውን ጨምሩ» የሚለው ከፓኬቱ አጠገብ፣ «ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ» የሚለው ከሰዓቱ ሥር ይሁን። ቦታ አነሰ የምትሉ፣ ሥዕሉን ሳትነኩ ጽሑፉን ቀንሱ።

ጽሑፉ 1 ሊትር እያለ ሥዕሉ የሻይ ብርጭቆ የሚያሳይበት ጊዜም አለ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነው ብርጭቆውን ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ የተበጠበጠ ሙሉ ፓኬት ደግሞ ጨው በዝቶበት ሕፃኑን ይጎዳል። የ1 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሣሉ፤ በየቤቱ አለ።

ቅደም ተከተሉን ያለ ቁጥርና ቀስት መተው በእኛ አካባቢ የባሰ ጉዳት አለው። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንዲት እናት በጎን የተደረደሩ አራት ሥዕሎችን ሲያስረዱኝ ከቀኝ ጀመሩ፦ ሕፃኑ ይጠጣል፣ ይበጠበጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በመጨረሻ እጅ ይታጠባል። እኚህ እናት ፊደል የለመዱት በቁርኣን ቤት ነው፤ አነባበባቸው ትክክል ነበር። ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ብትደረድሯቸው በሁለቱም አነባበብ ያው ናቸው።

በቀለም ብቻ አትተማመኑ። አደጋውን በቀይ፣ ትክክለኛውን በአረንጓዴ የለየ ወረቀት ቀበሌ ደርሶ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። የስህተቱን ሥዕል በትልቅ ኤክስ ሰርዙት።

ስለ ማሽን ደህንነት በሚያስተምር ገጽ ላይ የለገሃር ባቡር ጣቢያን ፎቶ አታስገቡ። ውብ ነው፤ ዓይንን ግን ከማሽኑ ይነጥቃል።

ስክሪን ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ ቃል በቃል አታንብቡላቸው። ሥዕሉን አሳዩ፣ እናንተ ተናገሩ።

ስለ ቋንቋ ደግሞ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛን በአንድ ሥዕል ዙሪያ አታጭቁ፤ ሦስት ቅጂ አሳትሙ። የማብራሪያ ሳጥኖቹንም በአማርኛ ልክ አትቁረጡ። በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛና በላቲን ፊደል የተጻፈ ሶማልኛ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛሉ፤ ሳጥኑ ሲጠብ አቀናባሪው ጽሑፉን አውጥቶ ከገጹ ግርጌ ይደረድረዋል። ስለዚህ ትርጉሞቹ ሳይደርሱ የገጹን ቅንብር አትጀምሩ፤ ሳጥኑን በረጅሙ ጽሑፍ ለኩት።