ለጠባብ ቤት ውሻ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

በአዲስ አበባ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት የሁለት ወር የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ በዘንቢል ይዘው ለክትባት መጡ። ቡችላውን የገዙት ቤታቸውን እንዲጠብቅላቸው ነበር። በስምንት ወሩ ሲመልሱት ሠላሳ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሲሚንቶ ላይ ከመተኛት ብዛት የክርኖቹ ጠጉር አልቆ ቆዳው ጠጥሯል፤ ሰንሰለቱ የሚያርፍበት አንገቱም ተልጧል። በምርመራ ክፍሉ ወለል ላይ ፈትተን ስንለቀው እንኳ፣ የበረንዳው ሰንሰለት ይፈቅድለት የነበረውን ያህል ብቻ በአንድ አቅጣጫ ይዞር ነበር።

ለበረንዳ የጥበቃ ውሻ መግዛት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ደጋግሜ ስለማየውም በትዕግሥት ልናገርበት አልችልም። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1899 በጀርመን ይህን ዝርያ ማደራጀት ሲጀምር መነሻ ያደረገው መንጋ ሲያግዱ የሚውሉ የእረኛ ውሾችን ነው። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰውነቱም አእምሮውም የተሠሩት ለሥራ ነው። ሥራ ሲያጣ በደረጃው የሚወጣውን ጎረቤት፣ የጎረቤቱን ልጅና ውኃ የሚያመላልሰውን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ይቆጥራል። ቀን ከሌት ለሁሉም የሚጮኽ ውሻ ደግሞ እውነተኛ ሌባ ሲመጣ የሚሰማው ስለሌለ ጥበቃውም ከንቱ ይሆናል። አራተኛ ፎቅን ጠንካራ በርና የሕንፃው ዘበኛ ይጠብቁታል። ያ ውሻ በመጨረሻ ሱሉልታ ሰፊ ግቢ ላላቸው ዘመዶች ተሰጠ፤ በቀጥታ መሮጥን እስኪለምድ ግን ወራት ፈጅቶበታል።

በመንገድ ዳር ቡችላ የሚሸጡ ሰዎች «አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ከዚህ በላይ አያድግም» ሲሉ አምኖ መግዛት ሁለተኛው ስህተት ነው። የቡችላውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ አፉን የሞሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ገና ስድስት ወር አልሞላውም፣ ብዙ ዕድገትም ይቀረዋል። እናቱን ማየት ከተቻለ ደግሞ ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይልቅ የእርሷ ቁመትና አመል ይታመናል።

ትንሽ ውሻ ሁሉ ለትንሽ ቤት ይስማማል ብሎ ማሰብ እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ አንድ ጃክ ራስል ለሰው መስጠት ሲፈልግ፣ ክብደቱ ከሰባት ኪሎ ስለማያልፍ ብቻ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት እንዲሰጥ መከርኩ። ይህ ዝርያ ቀበሮ ከጉድጓዷ እንዲያስወጣ የተዳቀለ ነው፤ መሮጥና መቆፈር ተፈጥሮው መሆኑን እያወቅሁ ክብደቱን ብቻ ተመለከትኩ። ፍራሹን ቦጫጭቆ ጥጡን አወጣ፣ የበሩን ሥር ጫረ። እማማ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ደረጃ ወርደው ሊያንሸራሽሩት አልቻሉም። «ልጄ፣ እሱ አይደክመውም፤ እኔ ግን ደከምኩ» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ውሻ እንድመርጥለት የሚጠይቀኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው ስለቤቱ ስፋት ሳይሆን በቀን ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚርቅ ነው።

ገና ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ አይለዩ። ንክሻን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፤ በጠባብ ቤት ከሕፃናት ጋር የሚያድግ ውሻ ደግሞ ይህን ትምህርት ሊያጣ አይገባም።

ብዙዎች የሐበሻ ውሻን የሚንቁትና ውሻን የወተት ጥርሱ ሳይቀየር ጀምሮ ካላሳደጉት አይለምድም የሚሉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አመሉ የታወቀ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ውሻ ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ ብቻውን መዋል ይችል እንደሆነና ሕፃን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ዛሬውኑ ይታያል፤ የቡችላ አመል ግን ገና ወደፊት የሚታይ ነው። ጠጉረ አጭር፣ መካከለኛ ቁመት ያላቸውና በር ሥር ተጋድመው የሚውሉ የሐበሻ ውሾች በስቱዲዮ ቤት ያለ ችግር ሲኖሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፓግ ያሉ ዝርያዎች የመተንፈስ ችግር ስላለባቸው ሙቀት በበዛበት ዝግ ቤት ይጨነቃሉ። እንደ ማልቲዝ ያሉ ጠጉረ ረጅሞች ደግሞ በየቀኑ ካልተበጠሩ ጠጉራቸው ይጠላለፋል።

ከመግዛትዎ በፊት የሕንፃውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ያንብቡ፤ ግድግዳ የሚጋራዎትን ጎረቤትም ያማክሩ። ከዚያም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ደረጃውን ወርደው ለግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ ማታም ይድገሙት። በአምስተኛው ቀን ከተዉት ውሻውን ሳይገዙ መቆየቱ ይሻላል።