ቶፉ ጣዕም የለውም ከማለትዎ በፊት

ሐዋሳ ላይ የጾም ነገር በተነሳ ቁጥር ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገበታው እስኪነሳ አያልቅም። እኔ ክርክሩን ለተከራካሪዎቹ ትቼ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ ረግቶ የሚወጣውን ምግብ፣ ማውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን የቀመሱት ጎረቤቴ እትዬ፣ «ልጄ፣ ይህ ስፖንጅ ነው» ብለው ሳህኑን መለሱልኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ስህተቶች ስቆጥር አብዛኞቹ ከውኃና ከችኮላ የመጡ ሆነው አገኘኋቸው።

አኩሪ አተሩን ከማታ ጀምሮ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘፍዝፎ መርሳት አንዱ ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ በሐዋሳ ሙቀት ግን ውኃው አረፋ አውጥቶ ሊኮመጥጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፣ ወይም ውኃውን ይለውጡለት።

ከሁሉም የከፋው አረፋን እንደ መፍላት መቁጠር ነው። ፈጭተው በነጠላ ያጠለሉት የአኩሪ አተር ወተት ገና ሳይፈላ አረፋው ወደ ላይ ይገነፍላል፤ ብዙ ሰው ያኔ ደንግጦ ያወርደዋል። በደንብ ያልበሰለ አኩሪ አተር ደግሞ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ሆድ ያስቸግራል፤ የጥሬ ባቄላ ጠረኑም አይለቅም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰፊ ድስት እጠቀማለሁ፤ አረፋው ሲወርድና ወተቱ በእርግጥ ሲንተከተክ እሳቱን ቀንሼ፣ ታችኛው እንዳያር እያማሰልኩ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ።

ቀጥሎ ሎሚው ይመጣል። እናቱ አይብ ስታወጣ እያየ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ምክር አያስፈልገውም፤ አሬራ በኃይለኛ እሳት እንደማይቸኮል ያውቃል። ቶፉም እንደዚያው ነው። ድስቱን አውርደው ጥቂት ደቂቃ ያቀዝቅዙት፤ ለሩብ ኪሎ አኩሪ አተር ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በትንሽ ውኃ አቅጥነው በሦስት ዙር ያፍስሱ። በዝግታ አንድ ሁለት ጊዜ ካማሰሉ በኋላ ክዳኑን ገጥመው 15 ደቂቃ ይተዉት። እየደጋገሙ ማማሰል የረጋውን ይበትነዋል። አጓቱ ጠርቶ ወደ ቢጫ ካደላ ደርሷል፤ ገና ወተት ከመሰለ ትንሽ ሎሚ ይጨምሩ። ሎሚው ከመጠን ካለፈ ግን ቶፉው ይኮመጥጣል፤ ያን ጊዜ መላ የለውም።

የረጋውን ነጠላ ላይ አፍስሶ ወዲያው መቁረጥም የተለመደ ነው። እኔ ጠቅልዬ ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ለግማሽ ሰዓት እጭንበታለሁ። ያልተጨመቀ ቶፉ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነጥራል እንጂ አይቀላም። ከቆረጡት በኋላም በጨርቅ ያድርቁት፤ መጥበሻው ላይ ደግሞ ታችኛው ገጽ ሳይቀላ አያገላብጡት፣ ተጣብቆ ይቀደዳል።

ጥሬውን ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ መጣድ ደግሞ ወጡን ያበላሻል። ቁሌቱ ከበርበሬው ጋር በስሎ ዘይቱ ከወጣ በኋላ፣ የተጠበሰውን ቶፉ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ይጨምሩት። በርበሬው ወደ ውስጥ ይዝለቅ ካሉ ቶፉውን አንድ ሌሊት በረዶ ቤት ያሳድሩት፣ ከቀለጠ በኋላ ይጭመቁት። በረዶው ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፤ እትዬ ስፖንጅ ያሉት ነገር አሁን ወጡን የሚመጥ ይሆናል። ባለፈው ጾም ሳህናቸውን የመለሱት ባዶውን ነው።

የተረፈውን በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት። መብራት ከጠፋ ግን ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ሳይለቅ ጠብሰው ይብሉት።