በአንድ እጅ እንዴት ይተኮሳል? የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ለጀማሪ

ባዛር ላይ ጠመንጃውን ጠረጴዛ አስደግፎ ፊኛ የመታ ሰው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ሲያይ መጀመሪያ የሚገርመው የተኳሹ ሁለተኛ እጅ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው። ደንቡ ተወዳዳሪው ምንም ሳይደገፍ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ብቻ እንዲተኩስ ያዛል። 10 ሜትር ማለት ፒያሳ ላይ ተከታትለው የቆሙ ሁለት ሚኒባስ ታክሲዎች ያህል ነው። አሥር ነጥብ የምታስገኘው ክብ ግን ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ብር ሳንቲም ግማሽ እንኳ አትሞላም።

መጀመሪያ ከሚተኩሱበት እጅ ሰዓትና አምባር ያውልቁ። የእጅ አንጓ ከማንኛውም ድጋፍ ነፃ መሆኑ ለዳኛው መታየት አለበት። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማም አይፈቀድም፤ ቡትስዎን ቤት ይተዉት።

ቀጥሎ አቋም ነው። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው፣ ወደ ዒላማው በጎን ዞረው ይቁሙ። ዓይንዎን ጨፍነው ባዶ ክንድዎን ያንሱና ይግለጡ። እጅዎ ከዒላማው ወደ ጎን ካለፈ ክንድዎን አይጎትቱ፤ የኋላ እግርዎን ትንሽ ያንቀሳቅሱ። ጀማሪ ሁሉ ክንዱን ይጎትታል፣ ከዚያ ለምን ወደ አንድ ጎን ብቻ እንደሚስት ግራ ይገባዋል።

ለክንድ ጥንካሬ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ የሞላ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ የሽጉጡ የክብደት ጣሪያ ደግሞ 1.5 ኪሎ። አራት ኪሎ ባለች ጠባብ ክፍልም ቢሆን ሃይላንዱን ዘርግቶ ለመያዝ ቦታ አይጠፋም።

ሲተኩሱ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይሁን። ዓይንዎ የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ይረፍ፣ ዒላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ምላጩን ቀስ አድርገው ይጫኑ፤ በደንቡ ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መቋቋም አለበት። ከአሥር ሰከንድ በላይ ከቆዩ አይተኩሱ፣ እጅዎን ያውርዱ። እልህ እዚህ ላይ ነው ነጥብ የሚያስበላው።

በውድድሩ ከ15 ደቂቃ ዝግጅትና ሙከራ በኋላ 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ይተኮሳል። ለአንዱ ጥይት 75 ሰከንድ ይደርሰዋልና አውርዶ፣ ተንፍሶ እንደገና ለማንሳት ጊዜው ይበቃል።