በኮሮና ጊዜ ወደ ኦንላይን ሥራ ስንገባ የሠራናቸው ስህተቶች፤ እናንተ አትድገሟቸው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ነው ተባለ፣ ከዚያ ተራዘመ፣ ከዚያ ደሞዝ በግማሽ ሆነ፣ በኋላ ጭራሽ ቀረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ ከተማው ጭር አለ። ቤት የሚያከራየው፣ ሻይ ቡና የሚሸጠው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ብዙዎቻችን "ፍሪላንስ" የሚባለውን ነገር (ሳይቀጠሩ፣ በየሥራው እየተከፈሉ በኢንተርኔት መሥራትን) ስልካችን ላይ መፈለግ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። እዚያው ከተማ፣ ጠባሴ አካባቢ ብቻ የምንተዋወቅ አምስት ሰዎች ነበርን። ዛሬም በዚህ ሥራ የምንኖረው ሁለታችን ነን። ሦስቱ የተዉት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። አምስታችንም የተሳሳትነው አንድ ዓይነት ነው፣ እነሱን ግን ሁሉም ባንዴ መጣባቸውና ተስፋ አስቆረጣቸው። ሥራ ያጣ ሰው ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛም ብዙ አፍስሰናል። ስለዚህ ያፈሰስነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት "ቀላል ነው" ወደተባለው ሥራ መሮጥ ነው። "ዳታ ኢንትሪ (መረጃ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት) ፈልጉ፣ ማንም ይሠራዋል" ተባልን። ችግሩም እሱ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ሠሪና አሠሪን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ድርጅት፣ አፕወርክ ላይ አንድ የዳታ ኢንትሪ ሥራ ሲወጣ ገና ሻይህን ሳትጨርስ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ታገኛለህ፣ ያውም ብዙው ዓመታት የሠራና በኮከብ የተሞላ ፕሮፋይል ያለው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አመለከትኩ፣ አንድም መልስ አልመጣም። አንዱ ጓደኛችን የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ሎጎ መሥራት ከዩቲዩብ ሊማር ተነሣ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ አማርኛችንን ሥራ ነው ብለን አላሰብነውም ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ማስክ፣ ስለ ርቀት የሚያስረዱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ እንዲተረጎሙ በየቦታው ይፈለግ ነበር። መጀመሪያ "እኔ የማውቀው ምንድን ነው?" በሉ። ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ፣ ማስተማር ከሆነ ማስተማር።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ስህተት የማሽን ትርጉምን እንዳለ ማስረከብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰው ጤና ያለበት ነገር ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ባለ ሁለት ገጽ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነበር። ቸኩዬ በጉግል አሳለፍኩትና እዚህም እዚያም አስተካከልኩት። ምልክት ያለበት ሰው ምን ያድርግ በሚለው ቦታ ላይ "ራስዎን ያግልሉ" ይላል። ትክክል መሰለኝ። ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ምን አጥፍቶ ነው የሚገለለው?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። "ማግለል" የሚለው ቃል በኤች አይ ቪ ዘመን "አድልዎና መገለል" እየተባለ ስንሰማው የኖርነው ቃል ነው። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ሲሰማው ሕክምና ሳይሆን በጣት መጠቆምን ነው የሚያስበው፣ እንዲህ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። "ለብቻዎ በአንድ ክፍል ይቆዩ፣ ምግብዎን በር ላይ ያስቀምጡልዎ" ብዬ ቀየርኩት። "ማኅበራዊ ርቀት" የሚለውም እንዲሁ ነው። ከጎረቤት ጋር ተቆራረጡ የሚል ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው በመጋቢት "አካላዊ ርቀት" ማለትን መርጦ ነበር። እኔ "ሁለት እርምጃ ያህል ተራራቁ" ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛው ቀጣዩን ሥራ ሲሰጠኝ ሌላ ሰው አላወዳደረም። ማሽኑን ለረዳትነት ተጠቀሙበት፣ ችግር የለውም። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ሦስተኛው፣ አንድ ማመልከቻ ጽፎ ለሁሉም መለጠፍ። አጭር ነገር ነው፣ በአጭሩ ልበል። አፕወርክ ላይ ለማመልከት "ኮኔክት" የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስፈልጋል፣ በነፃ የሚሰጠው ካለቀ እያንዳንዱ 15 ሳንቲም ዶላር ነው። "ውድ ጌታዬ፣ ታታሪ ሠራተኛ ነኝ" የሚለው ደብዳቤ ይህን ገንዘብ መበተን ነው። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ስለ እነሱ ጉዳይ ይናገር እንጂ ስለ እናንተ አይናገር።

ዋጋ ላይ ደግሞ ሁላችንም ወደቅን። "ዝም ብዬ ልግባበት፣ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል" ብዬ 2,000 ቃል በ20 ዶላር ተቀበልኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። አፕወርክ ያኔ ከአንድ ደንበኛ ከምታገኙት የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ ይወስድ ነበር፣ ሌላው አገናኝ ድርጅት ፋይቨርም 20 በመቶ ይወስዳል። ቀረኝ 16 ዶላር። በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ 550 ብር ገደማ። ከዚያ ላይ የኢንተርኔት ጥቅሉ፣ የገንዘብ ማውጫ ክፍያው አለ። ዋጋ ስትናገሩ የአገናኝ ድርጅቱን ድርሻ ቀድማችሁ ደምሩበት። 40 እጃችሁ እንዲገባ ከፈለጋችሁ 20 በመቶ በሚቆረጥበት ቦታ 50 ነው የምትጠይቁት። ዝቅተኛ ዋጋ ላይ የመጣ ደንበኛ ደግሞ ቀጣዩንም በዚያው ዋጋ ይጠብቃል፣ ከፍ ለማድረግ ሲሞከር ይሄዳል። ያየሁት ነው።

አምስተኛው ስህተት ሠርቶ ጨርሶ "ገንዘቡ በምን ይምጣ?" ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ መክፈል ይቻላል፣ መቀበል ግን አይቻልም። ይህን ሳያውቅ ሥራ አስረክቦ ደንበኛው በፔይፓል ብቻ ነው የምከፍለው ያለው ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ፔይኦነር የሚባለው ሌላው የገንዘብ መቀበያ ግን ይሠራል፣ ወደ አገር ውስጥ ባንክም ያስገባል። ብቻ ስማችሁ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። የቀበሌ መታወቂያዬ በአማርኛ ብቻ ነበር፣ ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በሁለት ኤል ተጽፏል፣ ባንክ ደብተሬ ላይ በአንድ። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ከአንድ ወር በላይ ተመላልሻለሁ። አሁን ፋይዳ መታወቂያ ስምን በላቲን ፊደልም ይዞ ስለሚመጣ ነገሩ ቀሏል። ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስቱን አስተያዩ።

እባካችሁ አካውንት አትከራዩ። ከአምስታችን አንዱ ውጭ አገር ባለ ሰው ስም የተከፈተ አካውንት ተከራይቶ፣ ያለበትን አገር የሚደብቀውን ቪፒኤን ከፍቶ ይሠራ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ሦስት ወር ለፋ። አንድ ቀን ማንነትህን በቪዲዮ አረጋግጥ ተባለ፣ አለቀ። ውስጡ የነበረው ገንዘብም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሥራ አልተመለሰም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

አጭበርባሪ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። ችግር ባለበት ሁሉ አይጠፉም፣ በኮሮና ጊዜ ደግሞ በዝተው ነበር። የተለመደው ዘዴ ቶሎ ወደ ቴሌግራም ማውጣት ነው፣ ከዚያ "ሥራው ያንተ ነው፣ ግን ለምዝገባ ይህን ያህል ላክ"። አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም፤ በዚህ አትደራደሩ። ረቀቅ ያለው ግን "ናሙና" የሚባለው ነው። አንዱ አምስት ገጽ በነፃ ተርጉሚ፣ ጥሩ ከሆነ ሙሉውን እሰጥሻለሁ አለኝ። ሠራሁ። ጓደኛዬም በዚያው ሳምንት ናሙና እየሠራሁ ነው አለችኝ። ስናስተያየው የእኔ ከገጽ 41 እስከ 45 ነው፣ የእሷ ከ46 እስከ 50። አንድ ሰነድ ነው። ስንት ሰው እንደተከፋፈለው እግዜር ይወቀው። አሁን ናሙና ሲጠየቅ ከዚህ በፊት የሠራሁትን እልካለሁ፣ ወይም አንድ አንቀጽ ብቻ እሠራለሁ።

ቁርጥ ዋጋ ባለው ሥራ ላይ ደግሞ ደንበኛው ገንዘቡን ቀድሞ አገናኝ ድርጅቱ ጋ ማስያዙን ሳታዩ አትጀምሩ። ስትጨርሱም ፋይሉን በመልእክት ብቻ አትላኩ፣ ሥራ ማስረከቢያው ላይ አስገቡት። አፕወርክ ላይ በዚያ በኩል ከገባ ደንበኛው 14 ቀን ዝም ቢል እንኳ ክፍያው ራሱ ይለቀቃል። በመልእክት ከላካችሁት ግን ቀኑ መቆጠር አይጀምርም።

ሰዓት ነገርም አለ። ኒው ዮርክ ያለች ደንበኛ በእነሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት (በፈረንጅ 9 ሰዓት) ላይ በቪዲዮ እንነጋገር አለችኝ። ስልኬ ላይ በእኛ አገር ስንት ሰዓት እንደሚሆን ስመለከት 4 ሰዓት ይላል። እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው ብዬ ያዝኩ። ጋቢዬን ደርቤ (የደብረ ብርሃንን ምሽት የሚያውቅ ያውቀዋል) ሰዓቱ ሲደርስ ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ለካ የፈረንጅ 4 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት አሳልፌ ነው የገባሁት። እነሱ ደግሞ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ያው ቀጠሮ በእኛ 11 ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮ ስትይዙ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ኢንተርኔት አይጠፋም ብሎ መዋል ከሁሉም በላይ ጎድቶናል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። እኔ ያኔ ባለ 12 ገጽ ሥራ ይዤ ነበር፣ ማስረከቢያው ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዘጠኙን ገጽ ጨርሻለሁ። ዘጠኙም ላፕቶፔ ውስጥ ነው፣ ደንበኛው ጋ አንድም የለም። ስልክ ይደወል ስለነበር ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ መልእክት ልታደርስልኝ ትችል ነበር፣ ግን የደንበኛውን ኢሜይል የትም አልጻፍኩትም። ሲመለስ ውሉ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የደረስኩበትን እልካለሁ። ውል ከገባሁ በኋላም የደንበኛውን አድራሻ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ፣ "እዚህ መስመር ሊቋረጥ ይችላል፣ ዝም ካልኩ ለዚያ ነው" ብዬም ቀድሜ እነግራለሁ። እስካሁን በዚህ ምክንያት የሸሸኝ የለም። መብራት ሲጠፋ ሥራውን የሚያስጨርስ ባትሪ ግን የግድ ነው።

የመጨረሻው የቤት ጉዳይ ነው። ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እዚያ ስልክ ላይ ተጥደሽ መዋል አይሰለችሽም?" ትለኝ ነበር፤ ገበያ ሂጂልኝ፣ እንግዳ መጣ፣ ውኃ ቅጂ። እኔም ሳልነግራት እናደድ ነበር፣ ስህተቱም እሱ ነው። አንድ ቀን አስቀምጬ የምሠራውን አሳየኋት፣ ያኔ ያነበብኩላትን ጽሑፍ ታትሞ ስታየው "ይሄ የኔ ቃል አይደለም እንዴ?" አለች። ከዚያ ተስማማን። በሩ ገርበብ ካለ መግባት ይቻላል፣ ከተዘጋ ሥራ ላይ ነኝ። ቡና ስታፈላ በሩ ዝግ ከሆነ አቦሉን ከጎረቤት ጋር ትጠጣለች፣ ለቶናው ትጠብቀኛለች።