ሞተሩ ጠፍቶ አልነሳም ሲል፦ በሸዋሮቢትና በደብረ ብርሃን መካከል ለሚነዱ

ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሞተር ሳይክል ቀላል ሥራ የለበትም። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሳና ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች ወበቅ፣ ላይ ጉም፣ ከዚያ ወዲያ ብርድ። ዳገቱ ላይ ቀጥ ሲል ደግሞ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፤ ባትሪው እስኪደክም ስታርተር መጫን፣ እግር እስኪዝል መርገጥ። ይሄ ነገሩን ያብሰዋል። ባትሪው ያልቃል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት ሰጪ) በቤንዚን ይርሳል፣ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ከመርገጣችሁ በፊት አስቡ፤ እንዴት ነው የጠፋው? እየሄደ በአንዴ ድርግም ካለ ኮረንቲውን ጠርጥሩ። ሳል ሳል እያለው፣ እየተንተፋተፈ ከጠፋ ነገሩ የቤንዚን ወይም የአየር ነው። ጉልበት እያጣ መጥቶ፣ ሞተሩ የሚጋረፍ ሙቀት እያለው ከጠፋ ደግሞ አርፎ ይቀዝቅዝና መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። መርገጫው ጭራሽ አልወርድም ካለ አታስገድዱት።

አንድ ነገር ሳትነኩ መጀመሪያ ከመንገዱ ውጡ። የጣርማበር ኩርባ ላይ ጉም ወርዶ ሳለ፣ አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ ካንዴላ መንቀል ለሲኖትራክ ራስን መስጠት ነው።

አሁን ቀላል ቀላሉን። ቀኝ እጀታው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ሳይታወቅ ተነክታ ይሆናል። የጎን መቆሚያው ወርዶ ከሆነ የማይነሱ ሞተሮች አሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረንጓዴዋ መብራት ትነግራችኋለች፤ ለማንኛውም ፍሪሲዮን ያዙ። የቤንዚን ጌጁን አትመኑት። ክዳኑን ክፈቱና ሞተሩን ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት፤ ድምፁ ይበቃል። ትንሽ ከቀረው የቤንዚን መዝጊያውን ወደ ሪዘርቭ አዙሩትና ትንሽ ጠብቁ፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይሙላ።

ክዳኑን ስትከፍቱ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። "ፊሽ" ብሎ አየር ከሳበ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ቤንዚን ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። እሷ በጭቃ ወይም በአቧራ ከተደፈነች፣ አንድ ቦታ ብቻ ተበስቶ እንደተገለበጠ የዘይት ጣሳ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄድና ይጠፋል፣ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ብዙ ሰው በዚህ ሰበብ ደህናውን ካርቡራተር አስፈትቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በቀጭን ሽቦ ጠርጋችሁ እፍ በሉባት። ታንኩን ለውበት ብላችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ ከሆነም ቀዳዳዋን አለመድፈኑን እዩ።

ቤንዚኑን ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከገዛችሁት ውሃ ይኑረው አይኑረው ማየት ይገባል። ካርቡራተሩ ሥር የማፍሰሻ ብሎን አለ። በካቻቢቴ ትንሽ ፈታ አድርጉና የሚወርደውን በንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበሉት። ጥቂት ካስቀመጣችሁት ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ንጹሁ እስኪመጣ አፍስሱት። ምንም ካልወረደ ቱቦው ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ቤንዚን እንዳይፈስበት ተጠንቀቁ፣ አጠገባችሁም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይኑር።

ቀጥሎ ካንዴላው ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ የሞተሩን ጤና የሚናገር እሱ ነው። ላስቲክ ቆቡን አውልቁ፣ ዙሪያውን አቧራ አራግፉ፣ ከዚያ በካንዴላ ቁልፍ ፍቱት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጠጥቷል፤ አድርቁት፣ ካንዴላውን ሳትመልሱ ቁልፉን አጥፍታችሁ ጥቂት ጊዜ ርገጡ፣ ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙት። ጭራሽ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ቆቡ ላይ መልሳችሁ ሰኩት። የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት፣ ከተነቀለበት ቀዳዳ ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። የምትይዙት ላስቲኩን ነው፣ ብረቱን ከያዛችሁ ኮረንቲው ይመታችኋል። ቁልፉን ከፍታችሁ ርገጡ። ሰማያዊ እሳት "ቻክ" እያለ ከዘለለ ኮረንቲው ደህና ነው። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ፤ ቆቡና ሽቦው በጉም ርሰው እንደሆነም በጨርቅ አድርቁ። አንድ ትርፍ ካንዴላ ኮርቻ ሥር ማስቀመጥ ከብዙ ግፊያ ያድናል።

ካንዴላው ጥቁር ሆኖ እናንተም ዳገቱን ጨርሳችሁ ከሆነ ሞተሩ ላይ አትፍረዱ። ጣርማበር ላይ የአየሩ ግፊት ከሸዋሮቢት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቾኩ (በብርድ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው) ሳይሳብ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ መሆኑን እዩ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ርገጡ፤ ሲነሳ ቀስ ብላችሁ መልሱት። በቆመበት የሚጠፋ ከሆነ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) በትንሹ ከፍ አድርጉ። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ካርቡራተሩን እዚያው ቢያስተካክል ይሻለዋል፣ የታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ግን ያለ ቾክ አይሆንም። በጉም ውስጥ ደግሞ ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ያኔ ምንም አትንኩ። አሥር ደቂቃ ሲቆም የሞተሩ ሙቀት ራሱ ያቀልጠዋል።

መንዝ ውስጥ በአቧራ የሚነዳ ሰው የአየር ማጣሪያውን ሳያይ ሌላ ነገር አይፍታ።

ቁልፍ ሲከፈት መብራት ከሌለ ፊውዙንና የባትሪውን ገመዶች እዩ። ባትሪው ብቻ ከደከመ በግፊያ ይነሳል፦ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ይዞ መግፋት፣ ፍጥነት ሲይዝ መልቀቅ። በካርቡራተር ፋንታ ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ቾክ የላቸውም። ቁልፍ ስትከፍቱ ለአፍታ "ዝዝ" የሚል የፓምፕ ድምፅ መስማት አለባችሁ፤ ካልሰማችሁ ፊውዙን ብቻ አይታችሁ ተዉት።

እሳትም ቤንዚንም እያለ ካልተነሳ ጣታችሁን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጫን አድርጋችሁ፣ ቁልፉን አጥፍታችሁ ርገጡ። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ ማስነሳት አለበት። ካልገፋ ነገሩ ቫልቭ ወይም ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ መንገድ ዳር አይሠራም። አይሱዙ አስቁማችሁ ጫኑት። ከመጫናችሁ በፊት የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፤ ቆሞ ይታሰር፣ ከተጋደመ ቤንዚኑ የሰው ጤፍ ላይ ይፈሳል።