ሊንክድኢን ላይ ሳያስመስሉ መታወቅ የሚቻለው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ሊንክድኢን፣ ባለሙያዎች በሥራ የሚተዋወቁበት ማኅበራዊ ድረ ገጽ፣ ትዝ የሚለው ሥራ ሲፈልግ ነው። ሥራው ሲገኝ ይረሳዋል። ሌላ ጊዜ ሲቸግረው ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ትውውቁ የሚሠራው ሳይቸግር ነው።

መጀመሪያ ፕሮፋይላችሁን አስተካክሉ። ፎቶው ላይ ፊታችሁ በደንብ ይታይ። የስልክ ካሜራና የመስኮት ብርሃን ይበቃል።

ከስማችሁ ሥር ያለችውን መስመር፣ ሄድላይን የምትባለውን፣ አትናቋት። ኮሜንት በጻፋችሁ ቁጥር መጀመሪያዋ ከስማችሁ ጋር አብሮ ይታያል። እስከ 220 ፊደል ትይዛለች፤ ዋናውን ነገር ግን ከፊት አድርጉት። «ባለራዕይ»፣ «ለውጥ ፈጣሪ» የሚሉትን ቃላት ለሌላው ተዉለት። «የሂሳብ ባለሙያ፤ የትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ለኦዲት አዘጋጃለሁ» ያለ ሰው ለምን እንደሚፈለግ ወዲያው ይገባል። ስለራሳችሁ የምትጽፉበትን ክፍል ደግሞ «እኔ» እያላችሁ ጻፉት።

ከዚያ አብራችሁ የሠራችሁና የተማራችሁ ሰዎች ጋር ተገናኙ። ለማታውቁት ሰው የግንኙነት ጥያቄ ስትልኩ ለምን እንደፈለጋችሁት ባጭሩ ንገሩት። ቁጥር አታሳድዱ። ኮኔክሽናችሁ፣ ማለትም የተገናኛችኋቸው ሰዎች ቁጥር፣ ከ500 ካለፈ በኋላ ፕሮፋይላችሁ ላይ የሚታየው «500+» ብቻ ነው። ጥያቄያችሁን በተቀበለ ማግስት ኢንቦክሱ ገብታችሁ ዕቃ ልሽጥልህ አትበሉት፤ ያስጠላል።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ወዲያው ፖስት ማድረግ ይጀምራል። ማንም አያየውም፤ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ አካባቢ ኮሜንት ላይ እንድታተኩሩ ነው። የጀማሪን ፖስት የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ፖስት ሥር የጻፋችሁትን ኮሜንት ግን የእሱም ተከታዮች ያነቡታል።

ኮሜንት ስል ታዲያ «ድንቅ ሐሳብ ነው!» ማለቴ አይደለም። እሱ ከላይክ አይለይም። ጸሐፊው ያለውን በሌላ ቃል መድገምም አይደለም። ጥሩ ኮሜንት ከራሳችሁ ሥራ የወጣ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ሰው «ስብሰባ ስለቀነስን ሥራችን ፈጠነ» ብሎ ጻፈ እንበል። «እኛም ቀንሰን ነበር፤ ግን ውሳኔ የት እንደሚመዘገብ ስላልተነጋገርን ሰው በየኢንቦክሱ መጠያየቅ ጀመረ። እናንተ ይህን እንዴት ፈታችሁት?» ብትሉት ለመመለስ ምክንያት ያገኛል። ሌላውም ይገባበታል። ከሁለት ከሦስት እንዲህ ዓይነት ንግግር በኋላ የግንኙነት ጥያቄ ብትልኩ ባዳ አትሆኑም።

በማትስማሙበትም ላይ ጻፉ። «እኔን የገጠመኝ ሌላ ነው» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አትንኩ። የምትጨምሩት ከሌለ ግን እለፉ። የሁሉም ፖስት ሥር የሚገኝ ሰው ያልተጠራበት ሰርግ ላይ እንደሚጨፍር ሰው ነው።

ኮሜንት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያስጽፉ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ ሁሉንም ያደንቃል፣ የራሱ የሆነ አንድም ነገር የለውም። ፊደል ለማረም ይሁን፤ ሐሳቡን ግን ከእሱ አትዋሱ። በራሱ ጥያቄ የሚልክና ላይክ የሚያደርግ ሶፍትዌርማ ጭራሽ ይቅርባችሁ። የሊንክድኢን ደንብ ይከለክለዋል፤ አካውንታችሁንም ሊያሳግድ ይችላል። ተጠራርተው ላይክ የሚሰጣጡ ግሩፖችም ያው ናቸው። ላይኩ ይመጣል፤ ሥራችሁን የሚያውቅ ሰው ግን አይመጣም።

ፖስት ማድረግ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። «እስኪ ይህን አብራራልን» የተባላችሁበት ኮሜንት ቀጣዩ ፖስታችሁ ነው። እስከ 3,000 ፊደል ይፈቀዳል፤ ሳይከፈት የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። «ዛሬ ተባረርኩ። ደስ ብሎኛል።» ዓይነት ማጥመጃም ሰው ሰልችቶታል። የደንበኛ ስም ወይም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ካለበት አስፈቅዱ። በሳምንት አንድ ይበቃል። ለሚመጣው ኮሜንት መልስ ለመስጠት ጊዜ በሌላችሁ ቀን ግን ባትለጥፉ ይሻላል፤ ነገ ይደርሳል።