ኤክሴል ላይ ? ያለባቸውን ሴሎች ለመቁጠር

ጅማ ውስጥ የጀንፈል ቡና ርክክብ የምመዘግበው ኤክሴል ላይ ነው። ያመጣው ሰው ስም ካጠራጠረኝ መጨረሻው ላይ ? አድርጌ አልፋለሁ፤ ወረፋው ፋታ አይሰጥማ! ማታ ስንቱን ማጣራት እንዳለብኝ ልቁጠር ብዬ ካውንትኢፍ (COUNTIF፣ የሰጠነውን መስፈርት የሚያሟሉ ሴሎችን የሚቆጥረው ቀመር) ውስጥ "*?*" ጻፍኩ። 312 አለኝ። ሙሉ ዝርዝሩ ራሱ 312 ነው!

ለካ ለኤክሴል ? ማለት «የትኛውም አንድ ፊደል» ነው፤ * ደግሞ «ምንም ያህል ፊደል»። መፍትሄው ከ? በፊት ~ ማስገባት ነው፦ "*~?*"። ምልክቷ አብዛኛው ኪቦርድ ላይ ከ1 በስተግራ ያለችው ናት፣ ከሺፍት ጋር። አሁን 9 ብቻ ወጣ፤ ተገላገልኩ።

* ለመቁጠርም ያው ነው፦ "*~**"። # እና @ ግን ጣጣ የላቸውም፣ "*#*" ይበቃል። ብቻ ንጹህ ቁጥር ያለበትን ሴል በዚህ መንገድ አይቆጥርም።